ሰፈር ፍለጋ በየልቅሶ ቤቱ

ሰኞ፣ ሐምሌ 10፣ ማታ

እኔ ኃጢአተኛይቱ ትርንጎ በአንቺ በደብተሬ ፊት እናዘዛለሁ። ዛሬ የማላውቀውን ሰው ንፍሮ በላሁ። ሁለት እፍኝ። ያውም ሽምብራውን እየመረጥኩ።

ከክረምት ት/ት ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ድንኳን አየሁ፣ ዘው አልኩ። ለካ ልቅሶ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ማነሽ ያለኝ የለም። ልቅሶ የደረሰን ሰው ማን ይጠይቃል? ንፍሮ ሰጡኝ። ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ አንኮራፉ፤ ሲነቁ ግን ከሁሉም አብልጠው አለቀሱ። ሲያባራ ወጣሁ። መግባቴንም መውጣቴንም ልብ ያለ የለም።

ይህ ሰፈር ተሰርዟል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12

ሰፈር መምረጥ አለብኝ። አባባ ከአገራችን ከሮብ ገበያ ወደዚህ ደ/ማርቆስ የላከኝ ለክረምቱ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ልማር ነው። ቅዳሜ ይመጣል። የወደድኩት ሰፈር ካለ አንድ ክፍል ይከራይልኛል። ከሌለ እትዬ ጥሩነሽ ቤት እቀጥላለሁ።

እትዬ የአባባ አክስት ናቸው። ደግ ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ከዶሮ ቀድመው ይተኛሉ፤ አንድ በር፣ ሦስት ቁልፍ። ስሜን እስካሁን አልያዙትም። “ልጂት” ነኝ። መ/ሩ ዘንድ “ከኋላ ያለሽው” ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ በስሜ የጠራኝ አባባ ነው፣ ሚኒባስ ሲያሳፍረኝ።

የኛን ሰፈር ፀጥታ የትም አታገኚውም ይላሉ እትዬ። ልክ ናቸው። መቃብርም ፀጥ ያለ ነው፤ ወዶ የሚከራየው ግን የለም። ከቤት እስከ አስፋልት የቆርቆሮ አጥር ብቻ። የሚያናግረኝ ውሻ ነው፣ እሱም በጩኸት።

ደላላ ጠየቅኩ። የውሃውን ፈረቃ፣ የሽንት ቤቱን ርቀት ነገረኝ። ሰዎቹ ይስቃሉ ወይ ስለው እብድ ያየ መሰለው። ስለዚህ የሰኞውን ዘዴ እቀጥላለሁ። ድንኳን ውስጥ ሰፈር ገበናውን አይደብቅም። ማን ይሠራል፣ ማን ያኮርፋል፣ ማን ለእንግዳ ቦታ ይለቃል፣ ሁሉም ይታያል።

እማዬ ደወለች። ሰው ለመድሽ ወይ አለች። አዎ፣ ብዙ፣ አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ቆየሁ፣ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 14

ጉድ ሆንኩ፣ ደብተሬ።

የእትዬን የክት ነጠላ ተዋስኩ። (እሳቸው አያውቁም።) ከገበያው በላይ፣ ዳገቷ ላይ ድንኳን አለ፤ ቀብሩ ትናንት ነበር። ገና ሳልገባ ሳቅ ሰማሁ። ልቅሶ ቤት ሳቅ! ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ሽበታም አባት ካርታ እጅጌያቸው ውስጥ ይደብቃሉ፣ ሲያዙ በሟች ነፍስ ይምላሉ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ።

ወ/ሮ ዘነቡ የሚባሉ ጎረቤት አጠገቤ መጡ። በማን በኩል ነሽ አሉኝ። በድንጋጤ ሟች አጎቴ ነበሩ አልኩ። የእናቴ ወንድም።

ሟች አሮጊት ናቸው።

ወ/ሮ ዘነቡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። አንድ ሰውዬ የሚያለቅሱ መስሎት መጥቶ አጽናናቸው። ልወጣ ተነሣሁ። እጄን ያዙኝ፣ ስሜን ጠየቁኝ፤ እውነቱን ተናገርኩ። ቢላዋና ሽንኩርት ሰጡኝ።

ላጥኩ። እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱ አለቀ፣ እንባው ግን አላለቀም። ለቅሶው አልቆም አላት፣ ይቺ ልጅ እኮ አጎቷን አብዝታ ትወድ ነበር አለች አንዷ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

እትዬ ነጠላዬን ማን አጨቀየው አሉ። ቤ/ክ ሄጄበት አልኩ። መረቁኝ። ይህም ለኑዛዜ ይያዝልኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 15፣ ከሰዓት

አባባ ገብቷል። እትዬ ቤት ቁጭ ብሎ መልሴን ይጠብቃል። እኔ እዚያው ዳገት ላይ ነኝ፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ። ሰልስት ነው። አልገባሁም። ፈራሁ።

ድንኳኑን እየነቀሉት ነው። ሸራው ወረድ ባለ ቁጥር የየቤቱ አጥር ብቅ ይላል። ቆርቆሮ፣ እንደ እትዬ ሰፈር። ልቅሶ ሲሆን ለሁሉም ቦታ አለ፤ ሲያልቅስ? ነገ በዚህ ባልፍ ማነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሌለው አጎት የእህት ልጅ?

ይቅር። ሳያዩኝ በጓሮ ልሂድ። ለአባባ እትዬ ቤት ይሻለኛል እለዋለሁ። ፀጥታው ለጥናት ጥሩ ነው። ወሰንኩ። አለቀ።

ልዘጋሽ ነው

አዩኝ። ወ/ሮ ዘነቡ ናቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ይጮሃሉ፦

“ትርንጎ! አንቺ ትርንጎ! የአጎትሽ ድንኳን ሲነቀል ተደብቀሽ ታያለሽ? ነይ ገመዱን ያዢ!”