ያላነበብኩት ወረቀት

ለናፈቅከኝ ታላቅ ወንድሜ፣ ከሰላምታዬ ናፍቆቴ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

የእማዬ ሳል ቀንሷል። ባለፈው አባባ የሚቀባውን መድኃኒት የሚጠጣ መስሏቸው በማንኪያ ሊያጠጧት ሲሉ፣ ከትምህርት ቤት ደርሼ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳላነበው የሚከፈት ጠርሙስ የለም። አባባም «ቤቴ ሐኪም አለችኝ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ።

ዩኒፎርሜን እማዬ ለትንሿ እህታችን አሳጠረችው። ያ ባለ ወፍጮው ሰውዬ ደግሞ ሰሞኑን ሽማግሌዎች እያስከተለ ቤታችን ይመላለሳል፤ አባባን «ወንድሜ» ነው የሚላቸው፣ እኩዮች ናቸው። ትናንት አንድ ወረቀት አምጥቶ በአውራ ጣታቸው አስፈረማቸው። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የማነበው እኔ አልነበርኩ? ያንን ግን ሳያሳዩኝ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እማዬም ቀና ብላ አላየችኝም።

ትንሿን ፊደል እያስቆጠርኳት ነው። ብታለቅስም አልተውኳትም፤ የእማዬን ጠርሙሶች እስክትለይ ድረስ ነው ጥድፊያዬ።

መምጣትህ ካልቀረ ቶሎ ና። ጤናህን ጠብቅ። ከእንግዲህ የሚደርስህ ደብዳቤ ጽሑፉ የሕፃን ቢሆንብህ፣ አደራ፣ ታግሰህ አንብበው።

የምትወድህ እህትህ