ወንበሩ ላይ ሰው ያለ መስሏት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለካሊድ ሙሐመድኑር፤ ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነህ? ባለቤትህ ሀያትስ? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። አትደንግጥ፣ የሞተ የለም። ወላሂ የለም።

በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከስልኩ አጠገብ ስለማይጠፋ ነው። ስትደውል ድምፅህን ከፍ አድርጌ ካላሰማሁት እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃለህ። የጎረቤታችን የፉፋ ልጅ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመለስ በሷ እልክልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

አባባ የኦቦ ጂሩን የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ከነቀምቴ አኖ ሰው ያመላልስ የለ? ያንን ፊቷ ካለው መኪና ርቀቷን ጠብቃ የምትሄድበትን፣ ያኛው ሲቆም አብራ የምትቆምበትን ነገር በድምፅ መልእክት ያስተማርከው አንተ ነህ። መጀመሪያ «ደግሞ እኔን ልትነዳኝ ነው?» እያለ ሲያላግጥባት ነበር። ጉልበቱን ስታሳርፍለት ጊዜ ወደዳት። ሠላሳ ዓመት ከኢሱዙ ፍሬን ጋር የታገለ እግር ነው፣ ምን ይፈረድበታል።

ባለፈው ሐሙስ ከአኖ ሲመለስ ፊቱ አንድ ሚኒባስ ነበር። ለቀስተኞች የሬሳ ሳጥን ተሸክመው በመንገዱ ሲመጡ ሚኒባሱ ቆመ፤ የአባባም መኪና እግሩ ፍሬን ሳይነካ ከኋላው ቆመች። አባባ እንደሆነ የማን ቀብር ነው፣ የየትኛው ሃይማኖት ነው አይልም፤ ሬሳ እያለፈ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ በሩን ይዞ ቆመ። ወዲያው ሚኒባሱ መንገድ ልልቀቅ ብሎ ወደ ዳር ሸርተት ሲል የኛዋ ተነሥታ ተከተለችው። ሹፌር ሳይኖርባት! ሚኒባሱ ዞር ሲልላት ደግሞ ፊቷ የቀሩት ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው።

አባባ በሩን እንደያዘ አብሯት እየሮጠ «ያዟት! ያዟት!» ይላል አሉ። ገቢና ተቀምጦ የነበረው አስተማሪው ቀነአ መሀል ላይ ያለውን የእጅ ፍሬን ቁልፍ ስቦ አስቆማት። ከፊት ተሸክመው የነበሩት ኦቦ ኢዶሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሳቸው ጉልበት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር ርቀቱ።

ሰዎቹ «ዋቅኒ ኑ ኦልቼ፣ ፈጣሪ አተረፈን» ብለው ትተውታል፤ ኦቦ ኢዶሳ ጭራሽ እሱኑ አጽናንተው ሸኙት። አባባ ግን ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም። «ስክሪኑ ላይ ፓርክ የሚለውን ያየሁ መስሎኝ ነው የወረድኩት፤ ዓይኔ ከድቶኛል» ይላል ለእማ። በር ላይ ይቀመጥና አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የሚያልፉትን ባጃጆች ታርጋ ያነባል፤ ከዚያ ሌላኛውን ይሸፍናል። ሰው ሲመጣ እጁን ያወርዳል። ኦቦ ጂሩም «አቦ፣ ይረፉ በቃ» ብለውታል፤ ሰኞ ቁልፉን ለሌላ ሹፌር ሊያስረክብ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ትናንት መካኒኩ ኩማ ኦቦ ጂሩ ግቢ ውስጥ ፊቷ ሌላ መኪና እያስነዳ ሲፈትሻት አባባ አልሄድም ስላለ እኔ ሄጄ አየሁ። ቆማ ሳለች የሹፌሩ ቀበቶ ከተፈታ ያንን የመከተል ሥራዋን ዘግታ የእጅ ፍሬኗን ራሷ ትይዛለች፤ አባባ ፓርክ ሲል ማየት የለመደው በዚያ ነው። ቀበቶው ታስሮ ካገኘችው ግን ሰው አለ ብላ ታምናለች፤ የፊተኛው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ትከተለዋለች። ቆሞ ከቆየ ብቻ ነው ሹፌሩ ቁልፍ እስኪነካላት ወይም ፔዳሉን እስኪረግጥላት የምትጠብቀው። ኩማ ይህን ካስረዳኝ በኋላ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አየና «ቀበቶውን ከጀርባ አዙሮ ያሰረው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ነኝ ካሊድ። እኔ እህትህ። አባባ ሰው ለመጫን ለማውረድ በየደቂቃው ሲነሣ ሲቀመጥ፣ ቀበቶው ሲፈታ ጢ ጢ ጢ እያለች ጆሮውን ስትበላው ጊዜ አሳዘነኝ። ሁሉም ሹፌር ከጀርባው አዙሮ ያስረው የለ እንዴ! መኪናዋን ሳጥብ ከወንበሩ ጀርባ አዙሬ ቀረቀርኩለት። «ተባረኪ፣ ገላገልሽኝ» ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱ አሁን እሳት ሆኖብኛል። ኩማን እኔ ነኝ ሳልለው ቀበቶውን ፈትቼ ወጣሁ። አንተም ብትሆን «ራሷ ትቆማለች» አልከው እንጂ ቆማ ምን እንደምታደርግ መች ነገርከው? ይኸው፣ ፍርሃቴን አንተ ላይ ላላክክ ነው።

ዝም ካልኩ አባባ ታወርኩ ብሎ ቤት ሊውል ነው። ከነገርኩት ደግሞ የገዛ ልጄ ሰው ልታስገድለኝ ነበር ሊል ነው። ምን ይሻለኛል?

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ካቆምኩ በኋላ የዐሥር ሶላት ተሰግዷል። ለአባባ ነገርኩት። ወንድሜ፣ አለቀስኩ እንጂ በወጉ አልተናገርኩም። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ «ዓይኔ አይደለም ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩለት። ከዚያ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠ።

ነገ ኩማን ይዤ ኦቦ ጂሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ቁልፉን ቢተዉለትም ያ መንገድ ያስፈራኛል። አንተ ግን መኪናዋ ስትቆም ምን እንደምትይዝ፣ መቼ እንደምትለቅ አንድ ሳይቀር በጽሑፍ ላክለት። ያንተን ቃል ያምናል። ዱዓም አድርግልን።

እማ ጉንጭህን ትስማለች፤ ብርድ ልብሱ ደረሰህ ወይ ትላለች። ሀያትን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፣ ትንሿን ዓይኗን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚሠሩት የወለጋ ልጆች አከም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ በልልኝ። ኩማና ቀነአም ሰላም ብለውሃል።

ያንተው ሰሚራ

አባባ ወረቀቱን አምጪው ብሎኝ ከዚህ በታች ያለውን ራሱ ነው የጻፈው።

ልጄ ካሊድ፣ ይህን የምጽፈው ያለ መነጽር ነው። እህትህን እንዳትቆጣት። አባትህ።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.