የክብር እንግዳችሁ ከአጥሩ ውጭ ናት

ጥር 24 ቀን
ደብረ ብርሃን

ለተከበሩ አቶ ኤፍሬም፣
የሃይማኖት፣ የባህልና የማኅበረሰብ የውይይት መድረክ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? የዘንድሮው ውርጭ እኛን በሸራ ውስጥ ያለነውን እንደ ልማዱ ሲጎበኘን፣ እርስዎን ግን ዝር እንዳይልብዎት ፈጣሪን እለምናለሁ። ሁለቱን ወንበር ደርበው የያዙት እርስዎ ቢታመሙ፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን የሚናገርልንንም እንግዳውን ከደጅ የሚመልስልንንም ሰው በአንድ ቀን እናጣለንና።

እኔ ፋንቱ እባላለሁ፤ ከወለጋ ተፈናቅለን በከተማዋ ዳር በመጠለያ ከምንኖረው አንዷ ነኝ። እኔን ባያስታውሱኝ እናቴን ወለተሐናን አይረሷትም፤ በኅዳሩ ውይይት ላይ የክብር እንግዳ ብለው ከፊት ያስቀመጧት አሮጊት ናት። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ጉዳይ እንደማያይ ተነግሮኛል።

1ኛ. እናቴን ስለጋበዙልኝ አመሰግናለሁ። ተጋባዡ ምሁር እንግዳን እግሩን አጥቦ ማሳደር የሃይማኖታችንም የባህላችንም ምሰሶ መሆኑን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያስረዱ፣ እናቴ በባዶ እግሯ ተቀምጣ በጥሞና አዳምጣለች። የመጠለያው ጭቃ ምንጣፉን እንዳያበላሽ አስተናጋጆቹ ጫማዋን በር ላይ አስወልቀዋት ነበር። እኛ ለእጥበቱ መሰናዶ መስሎን ነበር፤ በአዳራሹ የነበረው ውሃ ግን በጠርሙስ የታሸገው የተናጋሪዎቹ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

2ኛ. መድረኩ ለተሳታፊዎች ሲከፈት ለእናቴ ድምፅ ማጉያውን በገዛ እጅዎ ስላቀበሏት ከልብ አመሰግናለሁ። እሷም ብድግ ብላ፣ «ጥያቄዬ አንዲት ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ተቃጥሏል፤ ነፍስ አባቴም እዚያው ቀርተዋል። እኔ ስሞት ከአጥሩ ውስጥ ነው የምታሳርፉኝ ወይስ ከአጥሩ ውጭ?» አለች። ከአጥር ውጭ የሚቀበረው በገዛ እጁ የሞተ ሰው መሆኑን በልጅነቷ እያየች ላደገች ሴት ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። እርስዎም «እማማ፣ ግሩም አስተያየት ነው፤ እናመሰግናለን» ብለው አስጨበጨቡላት። በማግሥቱ በመድረኩ የፌስቡክ ገጽ ላይ «አንዲት እናት ለተደረገላቸው አቀባበል ምስጋናቸውን አቀረቡ» የሚል ጽሑፍ ከፎቶግራፏ ጋር ወጣ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላትና፣ መልሱስ የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

3ኛ. እናቴ ታኅሣሥ 30 ቀን አረፈች። ደብሩን የመቃብር ቦታ ስንጠይቅ፣ እርስዎ በሰበካ ጉባኤው ወንበርዎ ተቀምጠው፣ ከነበረችበት አጥቢያ ማኅተም ያለበት መሸኛ እንድናመጣ አዘዙን። እሳት በበላው ደጅ ማኅተም መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርን። ነፍስ አባቷ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ከመቅደሱ አልወጣም ብለው አብረው መቃጠላቸውንም ነገርንዎት። እርስዎም ማዘንዎን ገልጸው፣ ኀዘንና አሠራር ለየቅል መሆኑን አስተማሩን። አብረውን የተፈናቀሉት ቄስ ወልደተንሣኤ እመሰክራለሁ ቢሉ፣ እርሳቸውም መሸኛ ስለሌላቸው ምስክርነታቸው ሳይያዝ ቀረ።

እናቴ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ተወልዳ ክርስትና የተነሣችው በሰላ ድንጋይ ነው፤ ወለጋ የሄደችው በሰፈራው ዘመን፣ መንግሥት በመኪና ጭኖ ወስዷት ነው። እዚያ አርባ ዓመት ኖራ መጤ ነሽ ተባለች፤ ወደ ተወለደችበት ስትመለስ ደግሞ ከየት መጣሽ ተባለች። ወደ ሰላ ድንጋይ እንዳንወስዳት በዚያ ሰሞን መንገዱ ዝግ ነበር። አስከሬኗ በሸራው ውስጥ አንድ ቀን ተኩል ቆየ። በመጨረሻ ከደብሩ አጥር ሥር፣ በውጭ በኩል ቀበርናት። ጉድጓዱን ያን ጥቁር አፈር በዶማ እየፈለጡ የቆፈሩት የመጠለያ ጎረቤታችን አቶ እንድሪስ ናቸው፤ መስጊዳቸው የተቃጠለው ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር በአንድ ሳምንት ነው። ቄስ ወልደተንሣኤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱላት።

4ኛ. አራተኛውን በትሕትና ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ተናድጃለሁ፤ እናቴ ናት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አርባዋ የካቲት 9 ቀን ነው። እሷን አንሥቶ ወደ ውስጥ ማስገባት ከአሠራር ውጭ ከሆነ፣ አጥሩን ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ እንዲያሰፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከመቃብሯ ወዲያ ያለው ሜዳ የማንም አይደለም፤ ከብት ነው የሚውልበት። ለደብሩም ድካም አይሆንም፤ አቶ እንድሪስ፣ ኢንሻአላህ የቋሚውንም ጉድጓድ እቆፍራለሁ ብለው ዶማቸውን አዘጋጅተዋል።

እግራችንን ሊያጥቡ ሲሰናዱ ጊዜ ላጠረብዎት፣ በደስታችን አጨብጭበው በኀዘናችን ማኅተም ለጠየቁን ለእርስዎ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎት፣ በመጨረሻው ቀንም በር ላይ መሸኛ የሚጠይቅ ጸሐፊ እንዳይገጥምዎት ከልብ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ
የወለተሐና ልጅ ፋንቱ
ከመጠለያው

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ውይይት ያሠሩትን ባነር ትናንት አየሁት። «እንግዳ ተቀባይነት መለያችን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የእናቴን ፎቶግራፍ አትማችሁ በደብሩ አጥር ላይ በውስጥ በኩል ሰቅላችሁታል፤ መቃብሯ ከዚያው የአጥር ቆርቆሮ ጀርባ ነው። ፎቶግራፏን ያለ መሸኛ ወደ ውስጥ ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ።