ቡዳፔስትን የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ውድ ሶስናዬ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ከአንድ ሳምንት ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለውም። ስለዚህ የቤቱን ወሬ ላስቀድምልሽ። የአንድ ቀን ወሬ ካሳደርኩብሽ የምታኮርፊ ሰው ነበርሽ፣ ይኸው የዘጠኝ ወር ተጠራቅሞብኛል።

አሁንም ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ነኝ። ሰፈሩን ግን ብታዪው አታውቂውም። መንገዱን አፍርሰው አስፍተው ሠሩት፣ የእግረኛው መንገድ ላይ መቀመጫ አድርገዋል፣ የሰፈሩ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። መድኃኔዓለም ጋ ትሠሪበት የነበረው መነጽር ቤትም ከጎን ያለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥቷል። አንድ ቀን እግሬ ወስዶኝ ገባሁ። በአንቺ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ዓይኔን ልትለካኝ ሰሌዳውን ስታበራ፣ አንቺ ስትለማመጂ እየደጋገምሽ ያስነበብሽኝን ፊደል እስከ መጨረሻው መስመር በቃሌ ወጣሁላት። ዓይንህ በጣም ደህና ነው ብላ ሸኘችኝ።

ልብስሽን አላወጣሁም። እህትሽ ማርታ ላግዝህ ብላ ሁለቴ መጥታ ነበር፤ ሁለቴም ቁም ሳጥኑን ከፍተን፣ አልቅሰን፣ መልሰን ዘግተነዋል። ፋሲካም እንደምንም አለፈ።

የምጽፍልሽ ግን ይህን ልነግርሽ አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለእናትሽ እውነቱን ነገርኳቸው። አንቺ እንዳልነግራቸው ብለሽ የሸፈንሽልኝን ነገር አወጣሁት። ትቆጪኝ ይሆናል። ከመቆጣትሽ በፊት ከሥሩ ልጀምረው። አንቺ ብታውቂውም እኔ ግን አንድም ቀን አስተካክዬ ተናግሬው ስለማላውቅ ነው።

ጥር ላይ ልንጋባ ኅዳር ላይ ነው የጫጉላ ጉዟችንን ያቀድነው። አንቺ ከሥራ ስትወጪ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ያለው ጁስ ቤት እንገናኝ ነበር። የአንቺ ዝርዝር አጭር ነበር፤ ሮም፣ ቬኒስ፣ ቡዳፔስት። ሮምና ቬኒስ እንደ ማንኛውም ሙሽራ ለፎቶ ነበሩ። ቡዳፔስት ግን የአባትሽ ነበረች። በደርግ ጊዜ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው አምስት ዓመት የኖሩባት ከተማ ናት። አንቺ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሽ እስኪሞቱ ድረስ ስለ እሷ ማውራት አልተዉም። በረዶ እየወረደ፣ ጣሪያ በሌለው የፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ሽማግሌዎች እስከ ደረታቸው ተነክረው ቼዝ ይጫወታሉ ይሉ ነበር። እናትሽ አንድም ቀን አምነዋቸው አያውቁም። በሕይወት እያሉ ይሄ ቀጣፊ እያሉ ሳቁባቸው። ከሞቱ በኋላ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳቸው። ማርታ ስልኳ ላይ ፈልጋ ብታሳያቸው፣ ይሄማ ሲኒማ ነው፣ ልጄ በዓይኗ አይታ ትንገረኝ አሉ። ሌላ ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያሸክመን እናትሽ የሰጡሽ አደራ ይህ ብቻ ነበር። ሄደሽ እይልኝ፣ እውነቱን ከሆነ መቃብሩ ላይ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አሉሽ።

ከዚያ የእኔ ወገን ጉዞውን ሰማ። እናቴ ቪየና ያለች እህቷን ካየቻት ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ አጎቴ ደግሞ ፍራንክፈርት ነው። አገራችን ውስጥ ውጭ አገር ሊሄድ ነው የተባለ ሰው መንገደኛ መሆኑ ይቀርና ፖስታ ቤት ይሆናል። ሳምንት ሳይሞላ ሳሎኑ በፌስታል ሞላ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቡላው። ሻንጣ ስንመዝን የአንቺ ቀሚሶች እየወጡ የአክስቴ በርበሬ ገባ። አንቺም ጫጉላ ሳይሆን ጉልት ልንዘረጋ ነው የምንሄደው ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ትራንዚተር ነኝ። ሥራዬ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቄ ለባለቤቱ ማድረስ ነው። ጫጉላችንንም ኦሎምፒያ ያለው ቢሮዬ ተቀምጬ እንደማቃናው ጭነት አቃናሁት።

ቪዛው ሲመጣ የአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ቬኒስ ወጥታ ፍራንክፈርት ገባች። ያም አልበቃ ብሎ ቡዳፔስት ላይ ደረስን። እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እዚያ እኮ የሚጠብቀን ሰው የለም ብዬ ሰረዝኳት። አንቺ የጁሱን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ስታዞሪ ቆየሽና እሺ አልሽ። እኔም እሺ ስላልሽ የተስማማሽ መሰለኝ።

ሮምን አየን፣ ደስ ብሎን ነበር። ቪየና በገባን በሦስተኛው ቀን ጠዋት የፍራንክፈርቱን ቲኬት ልንቆርጥ ባቡር ጣቢያ ሄድን። አንቺ ሰሌዳውን ቀና ብለሽ ስታነቢ ድንገት እጄን ያዝሽኝ። የቡዳፔስት ባቡር ሊወጣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ሄደን አይተን ማታ እንመለስ አልሽኝ። ስትለምኚኝ ያኔ የመጀመሪያሽ ነበር። ያን ቀን ደግሞ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነው። አክስቴ ሙሽሮቹን ላሳያችሁ ብላ የከተማውን አበሻ ሁሉ ምሳ ጠርታለች፣ ዶሮው ከዋዜማው ጀምሮ ሲሠራ አድሯል። ጾም ሊገባ ነውና ነገ ይሁን የሚባል ግብዣ አይደለም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ምን ይለናል አልኩሽ። ሌላ ጊዜ እንመጣለን፣ ቡዳፔስት እንደሆነች የትም አትሄድም አልኩሽ።

እውነቴን ነበር፤ እሷ የትም አልሄደችም።

የተመለስን ሰሞን ገርጂ እናትሽ ቤት ሄድን። ምሳ ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ እንደዋጥን፣ እህሳ፣ ሽማግሌዎቹን አየሻቸው ብለው ጠየቁሽ። ፊታቸው የልጅ ፊት መስሎ ነበር። አንቺ ቀና ሳትዪ፣ ደክሞኝ ነበር እማዬ፣ ብርዱም አስጠላኝ፣ ቀረሁ አልሻቸው። አፌ ውስጥ ሽሮ ነበረ፤ ውጬው ብናገር መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። እናትሽም ብሉ እንጂ አሉን።

መኪና ውስጥ ለምን እንዲያ አልሻቸው ብዬ ስጠይቅሽ ያልሽኝ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። እማዬ አንተን ከቀየመችህ ዕድሜ ልክህን ነው፤ እኔ ግን ልጇ ነኝ፣ ትረሳልኛለች አልሽኝ። እኔም ተመስገን አልኩ። አላፈርኩም፣ ቀለለኝ እንጂ። አሁን ሳስበው ራሴን የምጠላው ለዚህ ነው።

ግን አልረሱልሽም። ጾሙን ሙሉ አልደወሉልሽም። አንቺ ስትደውዪ ማርታ እያነሳች ቤተ ክርስቲያን ናት ትልሽ ነበር። ለፋሲካ ስንሄድ እንግዳ እንደሚስም ጉንጭሽን ስመው ወደ ጓዳ ገቡ። ተጋብተን የኖርነው ስድስት ወር ነው፤ ከስድስቱ ወር ሁለቱን የእናትሽን ኩርፊያ ተሸክመሽ ከረምሽ፣ እኔ ደግሞ ምሳዬን በልቼ ሥራ እገባ ነበር። ሐምሌ ላይ ራሴን አመመኝ ብለሽ ከሥራ ቀደም ብለሽ መጣሽ። በሦስተኛው ቀን አልነበርሽም።

ድንኳን ውስጥ እናትሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ ደጁ ደርሳ የአባቷን አገር ሳትረግጥ የተመለሰች ልጄ እያሉ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሰዉም ተቀብሎ አለቀሰ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ወደ ቅዳሜ ልምጣ። ማርታ ልታገባ ነው። ሙት ዓመትሽ እስኪያልፍ ብላ ወደ ጥቅምት አሻግራዋለች። እሷና እናትሽ አብረው እኛ ቤት መጡ፣ የጫጉላ መንገድ አውጣልኝ ብላ። በቤተሰቡ ዘንድ መንገድ አዋቂው እኔ ነኝ መቼም። የማርታ ዝርዝር ላይ ቡዳፔስት መጀመሪያ ተጽፋለች። እናትሽም ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ያቺኛዋ ሰንፋ የተወችውን እስቲ አንቺ ፈጽሚልኝ አሏት።

ክፉ ቃል አይደለም፣ በፍቅር ነው ያሉት። ግን ሰነፍ ሆነሽ መቅረትሽ ነው፣ ሶስናዬ። ሞተሽም ሰነፍ ነሽ። ከዚያ በላይ ልችለው አልቻልኩም። እስክሪብቶውን አስቀምጬ፣ ሶስና አልሰነፈችም፣ ለመሄድ ለምናኝ ነበር፣ የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ የዋሸችዎትም እኔን እንዳይቀየሙኝ ነው አልኳቸው። ማርታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እንዲሰድቡኝ ጠብቄ ነበር። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ሻዩን እያዩ፣ ታዲያ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስልኳን ያላነሳሁት በምን ጥፋቷ ነው አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ ማርታ ልትደግፋቸው ብትል እጇን ገፉት።

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ እኔ ነበርኩ በደለኛው። እውነቱን አወጣለሁ ብዬ በደሉን ለእናትሽ አካፈልኳቸው። የሞተ ልጅ ስም ላጠራ ብዬ የአንዲት አሮጊት እናት አንጀት ቆረጥኩ። ዝም ብልስ ይሻል ነበር? እስካሁን አላውቅም። አንቺ ብትኖሪ፣ ምን ነበር አርፈህ ብትቀመጥ እንደምትዪኝ ግን አውቃለሁ።

ስምንት ቀን ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ። ማርታ ስጠይቃት፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ አይበሉም ትለኛለች። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። ስለ እኔ አንድም ነገር አላነሱም። ያን ቀን ጣቢያው ላይ ምን ለብሳ ነበር ብለው ጠየቁኝ። የአክስቴን ግራጫ ካፖርት ለብሰሽ እንደነበር፣ እጅጌው ረዝሞብሽ እንደጠቀለልሽው ነገርኳቸው። አኮረፈችህ ወይ አሉኝ፤ አላኮረፈችም አልኳቸው። ከዚያስ አሉኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሌላ ጊዜ ካልኩሽ በኋላ፣ እሺ፣ ባቡሩ እስኪወጣ ግን እንቁም አልሽኝ። ለምሳው ጊዜ ስለነበረን ያንን ፈቀድኩልሽ። አጥሩ ጋ ቆመሽ ሰው ሲሳፈር አየሽ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ያን የረዘመ እጅጌሽን ከፍ አድርገሽ፣ ቻው አባዬ አልሽ። እንደ ቀልድ ነበር ያልሽው። እኔም እንደ ቀልድ ወስጄው ሳቅሁ።

እናትሽ ደግመህ ንገረኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሦስተኛም አስደገሙኝ። ከዚያ፣ ለማርታ የምትሄድበትን አውጣላት፣ የሽማግሌዎቹን ፎቶ ግን አልፈልገውም፣ አባቷን ያመነችው ልጄ ካላመጣችልኝ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብለው ዘጉት። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የማርታን መንገድ ጨርሻለሁ። ቡዳፔስት አራት ሌሊት አለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሷና እጮኛዋ ይወስኑ። እኔ አብሬ አልሄድም፣ ማርታ ና ብትለኝም አልሄድም። ያንን ባቡር ያለ አንቺ የምሳፈርበት አቅም የለኝም፤ ጀግና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

አንድ ነገር ግን ቃል ልግባልሽ። በለቅሶሽ ላይ የመጣው ሁሉ ስላንቺ የሚለው አንድ ነበር፤ ሆደ ሰፊ ነበረች፣ ምንም ነገር አይከብዳትም ነበር ይል ነበር። ሲያመሰግኑሽ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀብያለሁ። ለኔ የምትመቸኝ ሶስና እሷ ስለነበረች ነው። ሐምሌ ላይ ለሙት ዓመትሽ ያው ሰው ተሰብስቦ ያንኑ ይላል። ከእንግዲህ ግን ባስታወስኩሽ ቁጥር የማስታውሰው የፈለግሽውንና የዋጥሽውን ጭምር ነው። ምንም አይከብዳትም ነበር ሲሉኝ ዝም አልልም። ከብዷት ነበር እላቸዋለሁ።

ባልሽ
ዳዊት