ነጋዴው የመለሳት ቆዳ

ሰኞ፣ ማዕዶት፣ ሚያዝያ ፯ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ

በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት ጎረቤቶቼ ያረዱትን የፍየል ቆዳ ለብራና ብለው ያመጡልኝ ነበር። እኔም ፍቄ ዳዊት እጽፍበታለሁ። ዛሬ ከአያሌው በቀር ደጄን የረገጠ የለም። ቆዳው ሁሉ ወደ ገበያ ወርዷል። ነጋዴው በመኪና ጭኖ ወደ ምጽዋ ይልከዋል፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ የፈረንጅ ጫማና ጓንት ይሆናል አሉ።

አያሌው ፍየል ሲገፍፍ ቢላ እንዳያስነካው ስንት ዘመን ለመንሁት። "እሺ፣ መሪጌታ" ይለኛል፤ ቆዳውን ግን ወንፊት አድርጎ ያመጣዋል። ዘንድሮ ነጋዴው የተበሳ አልገዛም ቢለው ጊዜ፣ ከመንደሩ እሱን የሚያህል ገፋፊ ጠፋ። ቢላውን አስቀምጦ በጡጫው እየገፋ ያወጣዋል። አልተቀየምሁትም። እሱም ቤተሰብ አለው።

ዛሬ ያመጣልኝ አንዲት ቆዳ ናት። መሐሏ ላይ ተበስታለች።

"ነጋዴው ይችን መለሳት፣ መሪጌታ። ለእርስዎ ትሆናለች ብዬ ነው" አለኝ።

"ትሆናለች። ለልጅህ የምጽፈው ዳዊት አንድ ቆዳ ጎድሎት ነበር፤ በዚችው እጨርሰዋለሁ" አልሁት።

ቆዳዋን ተቀብሎኝ ወደ ፀሐይ አነሣት። በቀዳዳዋ ብርሃን ገባ። ጣቱን ከቶ ለካት።

"ፊደሉን ትበላዋለች?"

"አትበላውም። ዙሪያዋን እጽፋለሁ።"

"ሌላ ላምጣ" ይለኝ እንደሆነ ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። ቆዳዋን መልሶ ሰጠኝና እንኳን አደረስዎ ብሎኝ ሄደ።