የጉደታ ቤተሰብ ከእድሩ የጠፋ ሰሞን

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ለእድሩ የሠራሁት የአባላት መዝገብ ፕሮግራም አሁንም ቀርፋፋ ነው። አባዬ የእድሩን ገጽ ይከፍታል። መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል። ገጹ ገና አልመጣም። በእድር ጸሐፊነት ያረጀ ሰው በልጁ ፕሮግራም ሲጉላላ ማየት ያሳፍራል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የአዲስ አበባው መ/ቤት ካሰናበተኝ ወዲህ ያለኝ ሥራ ይኸው ነው። አባዬ ለሽማግሌዎቹ ልጄ ትሠራዋለች ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ካበላሸሁት የሚዋረደው እሱ ነው።

ደብተር ሆይ፣ ጥፋቱን አግኝቼዋለሁ። አባላቱ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው፣ ቤተሰቦቻቸው ሌላ ውስጥ። አንድ አባል ሲጠራ ሚስት፣ ልጅ፣ አማት ተከትሎ ይግተለተላል። አንድ እንግዳ ጠርተህ ሠርገኛ ይመጣብሃል። መድኃኒቱ ሌዚ ሎዲንግ የሚሉት ነው፦ አባሉ ብቻውን ይምጣ፣ ቤተሰቡ «ቤተሰብ» የሚለው ሲነካ ብቻ ይጠራ። ዛሬውኑ አደርገዋለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ፈጠነ! ገጹ ወዲያው ብቅ ይላል። አባዬ ሳቀ። በኦሮምኛ «ኢንታላ ኮ» አለኝ። በአማርኛ ልጄ ሲለኝ እንዲህ አይሞቀኝም። የሱሉልታ እድር ሊቀመንበርም መጥተው አዩት፤ ለእኛም ይሁን አሉ። ደስታ አልለመድኩም፣ ፈራሁ።

ከሰዓት። አባዬ የሟቹን አባል የጉደታን ስም ሰረዘ፤ አርባው አልፏል። የእድሩ ወግ ነው። በወረቀቱ ዘመን በሟች ስም ላይ መስመር ይሰመራል፣ ከሥሩ ያለችው ሚስት ያኔውኑ አባል ናት። ማንም ጠያቂ የለም። ሲሰርዝ አጠገቡ ነበርኩ። ሻይ እየጠጣሁ።

የካቲት 9፣ ሰኞ

መጻፍ አልቻልኩም። ልሞክር።

የጉደታ ሚስት አማረች። ከወላይታ የመጣች፣ ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ። ሰፈሩ ሳይነሳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ቅዳሜ ዐረፉ። ድንኳን ልትጠይቅ ሄደች። ንብረት ያዡ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ። የለችም። ባሏም የለም፣ ልጆቿም የሉም፣ እናቷም የሉም። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ወር ደንብ አውጥተዋል፦ ኮምፒውተሩ ያላወቀውን እድሩ አያውቅም። አባል ሳይሆን ድንኳን የሚወስድ ስለበዛ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጥሩንባ አልተነፋም፤ አባዬም እኔም አልሰማንም። ትናንት ቀበሯቸው። ለቀስተኛው ገፈርሳ መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ዘመሩላቸው። ከእድሩ አንድ ሰው አልተገኘም።

ከሰዓት። ከፍቼ አየሁ። ገና ስጀምር አንድ ትእዛዝ ጽፌ ነበር፦ አባል ሲሰረዝ ከሱ ጋር የታሰረው ሁሉ አብሮ ይሰረዝ። ባለቤት የሌለው መረጃ እንዳይቀር። ትምህርት ቤት ንጹሕ አሠራር ነው የተባልነው። ጽፌው ረሳሁት። ማክሰኞ ደግሞ ቤተሰቡን ከገጹ ሰወርኩ። አባዬ ያየው አንድ ስም ነው፣ የሰረዘውም አንድ ስም። ከሥሩ ቤቱ ሙሉ ሄደ።

ከመጠባበቂያው ቅጂ መለስኳቸው። ቀላል ሥራ ነበር። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። አሮጊቷ ግን አፈር ገብተዋል።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

አማረች ለሽማግሌዎቹ አቤት ብላለች። አባዬ ዓይኔ ደክሟል፣ ጣቴ ሳተ ብሏቸዋል። ማን ጠየቀው? እኔ ነኝ አልኩት። ሠንጠረዡን ሥዬ፣ ቀስት አድርጌ አሳየሁት። በትዕግሥት አየ። የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «አንቺ ገና ሥራ ትፈልጊያለሽ። እኔ ጨርሻለሁ።»

ገብቶታል።

እሑድ ጸሐፊነቱን ሊያስረክብ ነው። ምሳ አልበላም። እኔም።

የካቲት 15፣ እሑድ፣ ከስብሰባ መልስ

ተነሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ የተሳሳተው ነገር የለም፣ እንዲህ እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሁሉንም። አባዬ መሬት መሬት ያያል።

የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ለገሰ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አባቷን የምትሸፍን ልጅ የወለደ ምን ጎደለው!» አሉ። እንደኔ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ ብለው መረቁ። ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። አይደለም፣ እውነቴን ነው አልኩ። ይበልጥ መረቁኝ።

አባዬ ማኅተሙን አስረከበ። አመሰገኑት። እያዘኑለት። የዓይን ሐኪም የሚጠቁመው ሁሉ ተነሳ።

አማረች በጥቁር ልብሷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ተመኝቼውም ነበር። እጄን ያዘች። የሰረዘው አባትሽ መሆኑን ባውቅ አቤት አልልም ነበር አለችኝ። እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችኝ።

ከሰዓት። የሱሉልታው ሊቀመንበር ደወሉ። ፕሮግራሙ እንከን የለበትም፣ ብቻ ሽማግሌ አይነካካው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አምጪው አሉ። አልሰጥም አልኩ። ለምን? አሉ። ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ አልኩ። ሳቁ። አባትሽን መውደድሽ ጥሩ ነው አሉ። ዘጋሁት። ትእዛዙን አጥፍቻለሁ፣ ፕሮግራሙን ግን ለማንም አልሰጥም፣ ቆርጫለሁ።

አባዬ ጓሮ ተቀምጦ መነጽሩን ይጠርጋል። የሚያየው ነገር የለም። ደብተር ሆይ፣ አንተ እንኳ እመነኝ። እኔ ነኝ። የሳተው የሱ ጣት አይደለም፣ የኔ ነው።