የጉሮሮው በረዶ

ሴፕቴምበር 9

ጠዋት ጭጋግ። ከሰዓት በኋላ ገለጥ አለ። ማታ ለጀማሪ አብራሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠሁ። ጥቂት ሰዎች፣ ሁሉም ከሥራ ደክመው የመጡ። ሞተር ማለት አየር የሚበላ ነገር ነው አልኳቸው። ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላው ያቀጣጥላል፣ ፍንዳታው ፒስተኑን ይገፋል፣ ጭሱ ይወጣል። ፕሮፔለሩ ደግሞ አየሩን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ይሄዳል። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም።

አባባ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እኔንም ወንድሜንም ማብረር ያስተማረን እሱ ነው፤ አርጅቶም ስህተት ሊለቅም ይመጣል። "ካርቡራቶሩን ዘለልሽው" አለኝ ስንወጣ። አየርና ቤንዚን የሚቀላቀልበት ክፍል የሚቀጥለው ሳምንት ነው አልኩት። "እኔ ብሆን ከእሱ ነበር የምጀምረው።" እሺ አባባ...

ወንድሜ ኤይኖ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል። "ፕሮፌሰር ሄልሚ፣ ዛሬስ ማንን በፊዚክስ ስታሰቃዪ አመሸሽ?" እሱ እንደሆነ ውሃ ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖቻችንን እነዚህ ሐይቆች ላይ ዕድሜ ልኩን የሞተሩን ድምፅ እየሰማ በጆሮው ነው የሚያበረው።

ሴፕቴምበር 13

አባባ ሞተ።

ሴፕቴምበር 18

ትናንት ቀበርነው። መጻፍ የቻልኩት አሁን ነው።

ኤይኖ ዓሣ አጥማጆችን ካምፕ አድርሶ ሲመለስ አባባ አጠገቡ ነበር። ሐይቃችን ላይ ለማረፍ ዝቅ ሲሉ ሞተሩ ጠፋ። ዳር ካሉት ጥዶች ጋር ተላተሙ። ኤይኖ ግራ ክንዱና ጎኑ ተሰብሯል። አባባ እዚያው...

ያን ሞተር በጸደይ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። መቃብሩ ዳር ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ኤይኖ ግን ፊቱን አዞረብኝ።

ሴፕቴምበር 26

መርማሪው ሚስተር ክዊን ሞተሩን ፈታው። እንድመለከት ፈቀደልኝ፣ እንዳልነካ አስጠንቅቆ። ቤንዚኑ ንጹሕ። ካንዴላዎቹ ደህና። ሲሊንደሮቹ ደህና። "ምንም አላገኘሁም" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር? ምንም ያልሆነ ሞተር እንዴት ይጠፋል? እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ያጠበቅኩትን ብሎን ሁሉ በሐሳቤ ስፈታ፣ ስገጥም... የሆነ ነገር ረስቼ ይሆን?

ኦክቶበር 4

እማዬ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ጠራችኝ። ኤይኖ እሷ ዘንድ ነው ያለው። ሁለታችንንም ፊት ለፊት አስቀመጠችን። "ባሌን ቀብሬአለሁ። ልጆቼን በቁማቸው አልቀብርም። ተነጋገሩ" አለችና ወጣች።

ኤይኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ እሱ፦ "ሞተርሽ ገደለው።"

"ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

"ጋዝ ቀንሼ እየወረድኩ ነበር። ጉልበቱ ቀስ እያለ ከዳኝ። የሙቅ አየሩን ማንሻ ሳብኩ። ባሰበት፣ ተንቀጠቀጠ። መለስኩት። ከዚያ ጸጥ አለ።"

"መለስከው?"

"ባሰበት እኮ ነው የምልሽ። ምን ላድርግ ታዲያ? ለማንኛውም በጸደይ እበራለሁ፣ ሌላ ሰው በሠራው ሞተር።"

ሾርባውን ትቼ ወጣሁ።

ኦክቶበር 5

በረዶ ነው።

አየር በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። ቤንዚኑም ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ነርሷ ከመርፌ በፊት የምትቀባን አልኮል ክንዳችንን እንደሚያቀዘቅዘው። ጭጋግ ካለ፣ ውጭው ለብ ያለ ቢሆን እንኳ፣ እርጥበቱ ጉሮሮው ላይ በረዶ ይሠራል። ሞተሩ ይታፈናል። አባባ የሞተበት ቀንም ጭጋጋምና ለብ ያለ ነበር። ማንሻውን ስትስበው ሙቅ አየር ይገባና ያቀልጠዋል። የቀለጠው ውሃ ግን የት ይሄዳል? ሞተሩ ውስጥ። ስለዚህ መጀመሪያ ይብስበታል። ያስለዋል፣ ይንቀጠቀጣል። መታገስ ብቻ ነው። የደነገጠ ሰው ግን መልሶ ይገፋዋል።

መርማሪውስ ምን ያግኝ? ማስረጃው ቀልጦ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል።

እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ኤይኖ መጣብኝ። ብነግረው ይሰበራል። ባልነግረው በጸደይ ሰው ጭኖ ይነሳል፤ ሞተሩ ሲያስለው ያው እጅ ያንኑ ይደግማል።

ኦክቶበር 11

ነገርኩት። "ራስሽን ለማዳን ነው" አለኝ። "አባትሽ መሬት ውስጥ ሆኖ አንቺ ፊዚክስ ታወሪያለሽ?" እኔም አልቻልኩም። የማይባባሉትን ተባባልን።

ኦክቶበር 19

ጭጋግ። ለብ ያለ ጠዋት። ሄጄ ቀሰቀስኩት። "ና፣ አንድ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጥ። ከተሳሳትኩ ሁለተኛ ሞተር አልነካም።" እያጉረመረመ ተነሳ።

የአባባን ሌላውን አውሮፕላን ሐይቁ ላይ እንዳለ ከመቆሚያው እንጨት ጋር በደንብ አስሬው ነበር። ሞተሩን አስነስቼ በዝግታ እንዲዞር ተውኩት። የዙሩን መለኪያ እያየን ቆየን። ዙሩ መውረድ ጀመረ...

"ሳበው" አልኩት። ሳበው። ሞተሩ ያስለው ጀመር፤ መቀመጫችን ተንቀጠቀጠ። የኤይኖ እጅ ራሱን ችሎ፣ ሳያስበው፣ ማንሻውን ሊመልስ ሄደ። እጄን እጁ ላይ ጫንኩና ያዝኩት። ታገለኝ። አልለቀቅኩትም። ሞተሩ ጥቂት አጓራና ጥርት ብሎ መዞር ያዘ።

አጠፋሁት። ኤይኖ እጄን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባባም እንዲህ ያዘኝ" አለ።

"ምኑን?"

"እጄን። ልክ እንደዚህ። ሽማግሌው ደነገጠ ብዬ... ገፈተርኩት፣ ሄልሚ።"

አቀፍኩት። የክንዱ ጀሶ ጎኔን ወጋኝ። አብሬው አለቀስኩ።

ኦክቶበር 24

ሚስተር ክዊን ምርመራውን "ምክንያቱ አልታወቀም" ብሎ ሊዘጋ መሆኑን ነግሮን ነበር። ሞተሬን የሚወቅስ ነገር የለበትም። ዝም ብንል ማንም ምንም አይለንም።

ኤይኖ ቁርስ ላይ ለእማዬ ሁሉንም ነገራት። የአባባን እጅ መግፈተሩንም። እማዬ ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየች። ከዚያ ተነስታ ስልኩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ለሚስተር ክዊን ደወለ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ማንሻውን መሳቡን፣ መመለሱን፣ አንድም ሳይደብቅ። "የእህቴ ሞተር ምንም አልነበረበትም" አለ። ሰውዬው የሚጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቀው መሰለኝ። ኤይኖ ቀና ብሎ እማዬን አያት።

"አለ" አለ። "አባቴ ሊያስቆመኝ ሞክሯል። እሱንም ይጻፉልኝ።"